ሳል የገባበት ቤት

አባወራ ሲታመም በሬው ሥራ ይፈታል። እናት ስትታመም ምድጃው ይቀዘቅዛል። ልጅ ሲታመም የቤቱ ሰው ሁሉ እንቅልፍ ያጣል። ሕመም የሚያርፈው በአንድ ሰው ገላ ላይ ነው፤ ሸክሙ ግን በቤተሰቡ ሁሉ ላይ ይወድቃል።

ዛሬ የምናነበው ስለ ሳምባ ነቀርሳ ነው። አንዳንዱ ሰው «ቲቢ» ይለዋል። አንዳንዱ ደግሞ ስሙን መጥራት ፈርቶ «ያ ክፉ ሳል» ይለዋል። በዚህ ትምህርት በሽታው ምን እንደሆነ ብቻ ሳይሆን፣ በሽታው የገባበት ቤት ኑሮውን እንዴት አድርጎ እንደሚገፋ እንመለከታለን።

ለምሳሌ የማቀርበው እኔ ራሴ የኖርኩበትን ቤት ነው። እኔ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ፊደል ለማስተማር ወደ ገጠር ስዘምት ጎጇቸውን ከፍለው ያሳደሩኝ የዚያ ቤት ሰዎች ናቸው። ስማቸውንና መንደራቸውን አልጽፍም። ታሪካቸውን ግን ለሌላው ትምህርት ይሁን ብለው ፈቅደውልኛል።

1. ሳሉ እንዴት ጀመረ

አባወራው መሳል የጀመሩት በመስቀል ሰሞን ነበር። አዝመራው ተሰብስቦ ጎተራ ሲገባ ሳሉ አልለቀቃቸውም። «ብርድ ነው» ተባለ። ዝንጅብል በማር ቀመሱ። ጤና አዳም በቡና ጠጡ። ፌጦም ተሞከረ። የገና ዕለት ሱሪያቸው ከወገባቸው ይወርድ ጀመር። ሌሊት ላብ ያጠምቃቸዋል፤ ጋቢያቸው ጠዋት እርጥብ ሆኖ ይገኛል። ማታ ማታ ትኩሳት ይነሳባቸዋል። እህል አስጠላቸው።

የቤቱ ሰው ይህን እያየ ዝም አለ። ዝም ያለበትም ምክንያት ነበረው። የአባወራው ታላቅ ወንድም ከዓመታት በፊት በሳል ማቅቀው ሞተዋል። ስለዚህ ዘመድ አዝማዱ «ይህ በሽታ የዘራቸው ነው» ብሎ ያምን ነበር። የዘር ነው ከተባለ ደግሞ ለትልቋ ልጃቸው ማን ሽማግሌ ይልካል? ሳሉን መደበቅ ልጅቱን ማዳን መሰላቸው።

ዝምታውን የሰበሩት እማወራዋ ናቸው። በማታው ትምህርት ቁጥር ይማሩ ነበር። ጥምቀት ባለፈ ማግሥት ከትምህርት በኋላ ቀርተው፣ «ልጄ፣ ከመስቀል እስከ ጥምቀት ስንት ሳምንት ነው?» ብለው ጠየቁኝ። አብረን ቆጠርን። 16 ሳምንት ሆነ።

«እንግዲያው 16 ሳምንት የሚቆይ ብርድ የለም» አሉ።

በማግሥቱ በቅሎ ተዋሱ። አባወራውን አስቀምጠው፣ እሳቸው በእግራቸው እየነዱ፣ የሦስት ሰዓት መንገድ ተጉዘው ጤና ጣቢያ ደረሱ። ጤና ጣቢያው አክታ ተቀብሎ መረመረ። ደማቸውም ታየ። ውጤቱ ሳምባ ነቀርሳ ሆነ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የሳለ ሰው አክታውን ማስመርመር አለበት። አሥራ ስድስት ሳምንት መጠበቅ አይገባም። ምርመራውም ሆነ መድኃኒቱ በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነፃ ይሰጣል።

2. በሽታው ምንድን ነው?

ሳምባ ነቀርሳ በዓይን በማይታይ ተሕዋስ የሚመጣ በሽታ ነው። ተሕዋሱን በ1874 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1882) ለይቶ ለዓለም ያሳወቀው ሮበርት ኮህ የተባለ የጀርመን ሐኪም ነው። ከዚያ በፊት በአውሮፓም ቢሆን ብዙ ሰው በሽታው የዘር ነው ይል ነበር። የአንድ ቤት ሰዎች ተከታትለው የሚታመሙት በዘር ምክንያት አይደለም። አንድ ጣራ ሥር አንድ አየር ስለሚተነፍሱ ነው።

ሕመምተኛው ሲስል፣ ሲያስነጥስ፣ ሲናገርም ጭምር ተሕዋሱ ከትንፋሹ ጋር ይወጣል። በተዘጋ ቤት ውስጥ በአየሩ ላይ ለሰዓታት ይንሳፈፋል። ሌላው ሰው ያንን አየር ሲስብ ተሕዋሱ ወደ ሳምባው ይገባል።

ተሕዋሱ የገባበት ሰው ሁሉ ግን አይታመምም። ከዓለም ሕዝብ አንድ አራተኛ የሚሆነው ተሕዋሱ እንደገባበት ይገመታል። ከእነዚህ ውስጥ በዕድሜ ዘመናቸው የሚታመሙት ከመቶ ከ5 እስከ 10 የሚሆኑት ናቸው። ገላ ሲደክም ነው ተሕዋሱ የሚነሳው። ገላን ከሚያደክሙት መካከል የምግብ ማነስ፣ ኤች አይ ቪ፣ የስኳር በሽታና ትምባሆ ይገኛሉ። ሕክምና ያላገኘ አንድ የሳምባ ነቀርሳ ሕመምተኛ ግን በዓመት ውስጥ ከ5 እስከ 15 ለሚሆኑ ቅርቦቹ ተሕዋሱን ሊያስተላልፍ ይችላል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚባለው ተረት እዚህ ላይ ጎዶሎ ነው። ሳሉን የደበቀ ሰው ለራሱ መድኃኒት ከማጣቱም በላይ ለልጆቹ በሽታውን ያወርሳል።

3. የተለየው ዋንጫ

ከጤና ጣቢያ በተመለሱ ማግሥት የቤቱ ሥርዓት ተለወጠ። ለአባወራው የብቻቸው ዋንጫ፣ የብቻቸው ሰሐን ተለየ። ሲኒያቸው እንዳይቀላቀል ጆሮው ላይ ክር ታሰረበት። ልጆቹ «አባባ ጋ አትጠጉ» ተባሉ። ትንሹ ልጅ አራት ዓመቱ ነው። ከአባቱ ጉልበት ላይ መውረድ የማያውቅ ልጅ ከምሰሶው ሥር ቆሞ አባቱን ያይ ነበር።

እኔም አጠፋሁ። የተማርኩ ነኝ ባይ ሆኜ ሳለ፣ ሆዴን አመመኝ ብዬ ከገበታው ራቅሁ። እንጀራዬን ለብቻዬ በጓዳ በኩል በላሁ። አባወራው ምንም አላሉኝም። ሦስተኛው ቀን ላይ ግን፣ «መምህር፣ ሆድህ መቼ ይሻልሃል?» አሉኝ። ያፈርኩትን ያህል በሕይወቴ አፍሬ አላውቅም።

በሳምንቱ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ወደ ቤት መጣች። እነዚህ ሠራተኞች የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ በ1995 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ በየቀበሌው ጤና ኬላ የሚሠሩ ናቸው። ልጅቱ ወደ ቤት ስትገባ ዓይኗ ክር የታሰረበት ሲኒ ላይ አረፈ።

«ይህ የማን ነው?» አለች።

«የእሱ ነው» አሉ እማወራዋ።

ልጅቱ ክሩን ፈታችው። ከዚያም እንዲህ ስትል አስረዳችን። «እትዬ፣ ይህ በሽታ በሲኒ አይሄድም። በሰሐን፣ በልብስ፣ በአልጋ፣ እጅ በመጨባበጥ አይተላለፍም። መንገዱ አየር ነው። ሲኒውን ለይታችሁ በሩንና መስኮቱን ከዘጋችሁ፣ ሌባውን ቤት አስገብታችሁ ውሻውን አሰራችሁት ማለት ነው።»

ገበታው ሲቀርብ እሷም ከአባወራው ጋር አብራ ቆረሰች። እኔም ከጓዳ ወጥቼ ተቀመጥኩ።

4. በቤቱ ውስጥ የተደረገው ለውጥ

ሠራተኛዋ የነገረችንን በየተራው ፈጸምን።

አንደኛ፣ መስኮት ተከፈተ። ቤቱ መስኮት አልነበረውም። አባወራው «ብርድ ይገባል፤ ይብስብኛል» ብለው ተከራከሩ። ነገር ግን ንጹሕ አየር ተሕዋሱን ጠርጎ ያስወጣል፤ የፀሐይ ብርሃንም ይገድለዋል። ስለዚህ በምሥራቅ በኩል ግድግዳውን ቀደን መስኮት አበጀን። ጠዋት ጠዋት ፀሐይ እስከ መደቡ ድረስ ትገባ ጀመር። የምድጃው ጢስም ቀለል አለ።

ሁለተኛ፣ የመኝታ ቦታ ተለየ። መድኃኒቱ በትክክል ከተወሰደ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት ሳምንት በኋላ የማስተላለፍ ኃይሉ በጣም ይቀንሳል። እስከዚያ ድረስ አባወራው በመስኮቱ በኩል ለብቻቸው ተኙ። ቀን ቀን ከደጅ ከዛፍ ጥላ ሥር ይቀመጣሉ። ልጆቹም ደጅ ላይ ሆነው ያጫውቷቸዋል።

ሦስተኛ፣ የአክታው ነገር። ሲስሉ አፋቸውን በነጠላ ጫፍ ወይም በክንዳቸው ይሸፍናሉ። አክታቸውን መሬት ላይ አይተፉም። ክዳን ባለው ጣሳ ውስጥ ይተፋሉ፤ ጣሳውም መፀዳጃ ጉድጓድ ውስጥ ይደፋል።

አራተኛ፣ የቤቱ ሰው ሁሉ ተመረመረ። በተለይ ከ5 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት በዚህ በሽታ በጣም ይጎዳሉ። ትንሹ ልጅ በሽታው አልተገኘበትም። ቢሆንም እንዳይዘው የሚከላከል መድኃኒት ተሰጠው። እንዲህ ያለ መድኃኒት መኖሩን ብዙ ወላጅ አያውቅም። ስለዚህ «ለልጄስ?» ብላችሁ ጠይቁ።

አምስተኛ፣ ወተት እየተፈላ መጠጣት ጀመረ። ከብትም የራሱ ዓይነት ነቀርሳ አለው፤ ያልተፈላ ወተት ወደ ሰው ሊያስተላልፈው ይችላል።

5. ክኒኑና የግድግዳው መስመር

ሕክምናው ስድስት ወር ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት አራት ዓይነት መድኃኒት አንድ ላይ ይወሰዳል። በቀሩት አራት ወራት ሁለት ዓይነት ይወሰዳል። በቀን ስንት ክኒን እንደሚዋጥ የሚወሰነው በሕመምተኛው ክብደት ነው። ስለዚህ የአንዱን ሰው ክኒን ሌላው አይውሰድ።

አባወራው ክኒኑን የጀመሩት የካቲት 1 ቀን ነው። እማወራዋ አንድ ብልሃት ፈጠሩ። ክኒኑ በተዋጠ ቁጥር በግድግዳው ላይ በከሰል አንዲት መስመር ይሰምራሉ። አሥር ሲሞላ ቁጥሩን ከጎኑ ይጽፋሉ። ግድግዳው የቤቱ መዝገብ ሆነ።

በመጀመሪያው ቀን ትልቅ ድንጋጤ ሆነ። አባወራው ከደጅ ሮጠው ገብተው፣ «ደም ሸናሁ!» አሉ። ደም አልነበረም። ሪፋምፒሲን የሚባለው መድኃኒት ሽንትን ያቀላል፤ ጉዳት የለውም። የሚያስፈሩት ምልክቶች ሌሎች ናቸው። ዓይን ቢጫ ከሆነ፣ ማየት ከደበዘዘ፣ ማስመለስ አልቆም ካለ፣ ገላ ሽፍ ካለ፣ እግር ከደነዘዘ ወይም ካቃጠለ፣ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል። መድኃኒቱ ጉበት ላይ ስለሚከብድ ጠላና አረቄም መተው አለበት።

ሁዳዴ በገባ ጊዜ ሌላ ጭንቀት መጣ። አባወራው ካልጾምኩ ብለው አስቸገሩ። የንስሐ አባታቸው መጥተው፣ «ሕመምተኛ አይጾምም። ክኒንህን ዋጥ፣ እንቁላልህን ብላ፤ ሲሻልህ ትጾማለህ» አሏቸው። ጠበል የሚጠመቅም ሰው ቢሆን ክኒኑን ማቋረጥ የለበትም። ሁለቱ አይጣሉም።

ለምግብ ተብሎ ግን በሬ አልተሸጠም። ባቄላ፣ ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ እንቁላል፣ ከተገኘም ወተት ይበቃል። ዋናው ነገር ሳይቋረጥ መብላት ነው።

6. ሥራው በማን ላይ ወደቀ?

ስለ ሕመምተኛው ብዙ ተናገርን። አሁን ስለ አስታማሚዋ እንናገር።

እማወራዋ ውኃ ይቀዳሉ፤ እንጨት ይለቅማሉ፤ ይፈጫሉ፤ ይጋግራሉ። በዚያ ላይ የባላቸው ሥራ ተጨመረባቸው። ከብቱን የሚያስገቡ እሳቸው፣ አጥሩን የሚያጥሩ እሳቸው ሆኑ። ትልቋ ልጅ እናቷን ለማገዝ ከትምህርት ቤት ቀረች። አንድ ጥጃም ለመንገድና ለቤት ወጪ ተሸጠ። መድኃኒቱ በነፃ ቢሆንም ሕመም ወጪ አለው፤ ይህን መደበቅ አይገባም።

ሕመምተኛም ይቆጣል። አባወራው በሬ ጠምደው የሚውሉ ብርቱ ሰው ነበሩ። ሌላ ሰው ሞፈራቸውን ሲይዝ ማየት መረራቸው። ወጡ ጨው በዛበት ብለው ይጮሃሉ፤ ልጁ ሳቀ ብለው ይቆጣሉ። አንድ ማታ እማወራዋ ከምድጃው አጠገብ ቁጭ ብለው ሲያለቅሱ አገኘኋቸው። «የሱን ሳል ሁሉም ይጠይቀኛል። እኔን ግን ደከመሽ ወይ ያለኝ የለም» አሉኝ።

ይህ ቃል ከልቤ አልወጣም። በዕድር ስብሰባ ቀን ሠራተኛዋ ስለ በሽታው ለመንደሩ ሰው ከአስረዳች በኋላ፣ ቃሉን እኔ አነሳሁት። ሰዉ በበሽታው ፈርቶ ከዚያ ቤት እግሩን አሳጥሮ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ጎረቤቶች መሬታቸውን በደቦ አረሱላቸው። ሁለት ሴቶች ተራ ገብተው ውኃ ይቀዱ ጀመር። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የተባለው እንዲህ ላለው ጊዜ ነው።

7. መስመሩ የቆመበት ቀን

መጋቢት ሲያልቅ አክታቸው እንደገና ተመርምሮ ንጹሕ ሆነ። በግንቦት ሳሉ ጠፋ። ሱሪያቸው ወገባቸው ላይ ያዘ። ዝናብ ጣለ። አባወራው ራሳቸው በሬ ጠመዱ። ቤቱ ሁሉ ደስ አለው።

አደጋው የመጣው በዚያን ጊዜ ነው።

እማወራዋ ክኒን ሲያቀርቡ አባወራው «እርሻ ላይ እውጠዋለሁ» ብለው በኪሳቸው ይዘው ይወጡ ጀመር። እማወራዋ ቢሰምሩም ልባቸው አልተቀበለውም። አንድ ማታ ልብሳቸውን ሊያጥቡ ኪሳቸውን ሲገለብጡ ያልተዋጠ የሦስት ቀን ክኒን አገኙ። የመጨረሻዎቹን ሦስት መስመሮች በመዳፋቸው አጠፏቸው። ግድግዳው ላይ የቀረው 114 ነው።

«ድኛለሁ» አሉ አባወራው። «ያልታመመ ሰው ክኒን ይውጣል? ክኒኑን በባዶ ሆድ ስውጠው እርሻው ላይ ያጥወለውለኛል።»

እማወራዋ አልጮሁም። የቀጠሮውን ካርድ ከሣጥን አወጡ። ወደ ኩራዙ ተጠግተው፣ ፊደሉን በጣታቸው እየተከተሉ፣ ቀስ ብለው አነበቡት። «ሕክምናው የሚያበቃው ሐምሌ 30» ይላል። ከዚያ ካርዱን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው፣ «ወንድምህ ሲሞት ይህን የሚያነብ ሰው በቤቱ አልነበረም። አሁን ግን አለ» አሉ።

አባወራው ለብዙ ጊዜ ዝም አሉ። ትንሹ ልጅ ጉልበታቸው ላይ ተኝቶ ነበር።

ሕመምተኛ ሲሻለው ክኒን ማቋረጥ ለምን ክፉ ሆነ? በእርሻ ምሳሌ ላስረዳ። አረም ስንነቅል ላዩ ቢጸዳም ሥሩ መሬት ውስጥ ከቀረ እንደገና ይበቅላል። በመጀመሪያዎቹ ወራት ብዙው ተሕዋስ ይሞታል፤ ሰውየውም ይበረታል። የቀሩት ጥቂቶች ግን ተደብቀው ይቆያሉ። መድኃኒቱ ከተቋረጠ እነሱ ይራባሉ። ከዚያም አልፎ መድኃኒቱን የለመደ ተሕዋስ ሊፈጠር ይችላል። ያን ጊዜ የተለመደው ክኒን አይሠራም። ሕክምናው ከባድ፣ መድኃኒቱም ገላን የሚጎዳ ይሆናል። መድኃኒት የለመደው ተሕዋስ ወደ ልጅ ቢተላለፍ፣ የልጁም በሽታ ከመጀመሪያው በተለመደው ክኒን የማይድን ይሆናል።

በማግሥቱ ባልና ሚስት አብረው ወደ ጤና ኬላ ሄዱ። ሠራተኛዋ አልተቆጣቻቸውም። «ጋሼ፣ መናገርዎ ደግ ነው» ብላ የተዘለሉት ሦስት ቀናት በመጨረሻው ላይ እንዲጨመሩ አደረገች። ለማጥወልወሉም ከጥቂት ምግብ ጋር እንዲወስዱት መከረቻቸው።

መስመሩ እንደገና ቀጠለ። የመጨረሻው ክኒን የተዋጠው ነሐሴ 3 ቀን ነው። የመጨረሻው የአክታ ምርመራም ንጹሕ ሆነ። ትልቋ ልጅ በመስከረም ወደ ትምህርት ቤት ተመለሰች። የተሸጠው ጥጃ ግን አልተመለሰም። አባወራውም ዳገት ሲወጡ ትንፋሽ ያጥራቸዋል፤ ሳምባቸው ላይ ጠባሳ ቀርቷል። ቶሎ ቢታከሙ ኖሮ ይህ ባልቀረ ነበር።

ለእንቁጣጣሽ ቤቱ ሲለቀለቅ አንዱን ግድግዳ እማወራዋ ሳይለቀልቁት ተዉት። ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው፣ «ገና አላነበብኩትም፤ ይቆይ» አሉኝ።

እናስታውስ

ሁለት ሳምንት የሳለ ሰው ይመርመር።
ሳምባ ነቀርሳ ይድናል፤ መድኃኒቱም በነፃ ነው።
በሽታው በአየር እንጂ በዕቃ አይተላለፍም። መስኮት ይከፈት።
ሲሻለን ክኒን አናቁም። የምናቆመው ጤና ሠራተኛው ጨርሰሃል ሲለን ነው።
አስታማሚውንም «ደከመህ ወይ? ደከመሽ ወይ?» እንበል።

ጥያቄዎች

1. አባወራው ለ16 ሳምንት ሳይታከሙ የቆዩት ለምንድን ነው?
2. ክር የታሰረበት ሲኒ ቤተሰቡን ከበሽታው ይጠብቅ ነበር? ለምን?
3. በቤታችሁ አየር እንዲገባ ምን ማድረግ ትችላላችሁ?
4. አባወራው «ድኛለሁ» ባሉ ጊዜ እናንተ ብትሆኑ ምን ትሏቸው ነበር?
5. በመንደራችሁ ሕመምተኛ ያለበት ቤት አለ? በዚህ ሳምንት በየትኛው ሥራ ልታግዙት ትችላላችሁ? ተወያዩና መልሳችሁን በደብተራችሁ ላይ ጻፉ።

የቃላት ፍቺ

ተሕዋስ — በዓይን የማይታይ፣ በሽታ ሊያመጣ የሚችል ረቂቅ ሕይወት ያለው ነገር
አክታ — በሳል ጊዜ ከሳምባ የሚወጣ ዝልግልግ ፈሳሽ
አስታማሚ — ሕመምተኛን የሚንከባከብ ሰው
ደቦ — ጎረቤት ተሰብስቦ ለአንድ ሰው የሚሠራው የጋራ ሥራ